ሦስት ከሁለት ይበልጣል

በቅድሚያ ልናዘዝ፤ በዚያን ዘመን ጥጋበኛ ነበርኩ።

የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ነበረችኝ። ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ ቀፎ ስትፈታ ማየት ገና አልተለመደም፤ አንዳንዱ ደንበኛ ይገባና ግራ ቀኙን አይቶ "ሠሪው የለም እንዴ?" ይለኛል። "ሠሪው እኔ ነኝ፤ ካላመንክ በሩ ክፍት ነው" እለዋለሁ። ስሜ ደግሞ ትዕግስት ነው። ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ይስቃል። ስሙን ያወጡልኝን አባባን "ምን አስበው ነው?" ብለው የሚጠይቋቸውም ነበሩ።

አባባ፣ ማለትም አባቴ አቶ ወርቁ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር በሰዓቱ ሲያስወጡና ሲያስገቡ ስለኖሩ፣ ለእሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ከሁለት አይደለም። እናቴ ካረፈች በኋላ ቡልጋሪያ ሰፈር ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀረን። ደም ግፊት አለባቸው። ሰዓት አይረሱም፣ መድኃኒት መዋጥ አለመዋጣቸውን ግን ይረሳሉ፤ አንድ ቀን ደርበው ውጠው ጉድ ሠርተውኛል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው ይደውሉልኛል።

"ልዋጥ?" ይላሉ።

"ይዋጡ።"

በቃ፣ ንግግራችን ይኸው ነው። ፊቴ የተሰለፈ ደንበኛ ስንቴ ስቆብኛል።

እንግዲህ ወደ ስልኮቹ ልምጣ። አንድ ከአሜሪካ የመጣ ሰው በሻንጣ አሥራ ሁለት ቀፎ ይዞ መጣና ገዛኋቸው። የሚያብረቀርቁ፣ ታጣፊ፣ ሰው አይቶ የማይጠግባቸው። ዲኮድ አደረግኳቸው፤ ማለቴ የውጭው ኩባንያ የቆለፈባቸውን ኮድ ፈታሁና የኛን ሲም ካርድ እንዲቀበሉ አደረግኩ። ከዚያ እዚያው ሱቄ ውስጥ ሆኜ በየተራ ሚስኮል አደረግኩላቸው። ሁሉም ጮኹ። የኛ ሙያ ሕግ ይኼ ነበር፦ ሲም ከተቀበለና ሚስኮል ሲደረግለት ከጮኸ "ይሠራል"።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ "ትሪ ባንድ" ይላል። እዚህ የለመድናቸው ቀፎዎች "ዱዋል ባንድ" ናቸው፤ ሁለት። ባንድ ምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ "የኔትወርክ ጉልበት ነው" ብዬ አፌን ሞልቼ እመልስላችሁ ነበር። ደንበኛ ሲያመነታብኝም መልሴ አንድ ነው፦ "ሦስት ከሁለት ይበልጣል፤ አይደል እንዴ?" ከሂሳብ ጋር ማን ይከራከራል? በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱ አለቀ።

አሥራ ሁለተኛውን ለአባባ ሰጠኋቸው።

"የድሮው ምን ሆነና? እየሠራ አይደል?" አሉኝ።

"አባባ፣ አያሳፍሩኝ! የእኔ አባት ሆነው ይኼን ጡብ ይዘው ይዞራሉ? ይኼኛውን ይዘው የትም ቢሄዱ ያገኙኛል።"

የድሮውን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩት። እሳቸውም አዲሱን በመሃረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

ስልኩን ከገዙኝ ሰዎች አንዱ ሙሌ የሚባል የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። "ስሚ፣ ይኼ ስልክሽ እኮ ካዛንቺስ ላይ አንበሳ ነው። እሑድ እሑድ እናቴ ጋ ለገጣፎ ስሄድ ግን ድርግም ይላል።"

"ስልኩ ከአንተ ይልቅ ሰንበት ያከብራል ማለት ነዋ" አልኩት። ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። ሙሌ ፊቱ ቀልቶ ወጣ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ሁዳዴ ነው። አባባ ከሰንዳፋ አለፍ ብሎ ገጠር የምትኖረውን፣ አልጋ የያዘች እህታቸውን ሊጠይቁ በጠዋት በአውቶቡስ ሄደዋል። እኔ አንዱን ቀፎ ፈታትቼ አቀርቅሬያለሁ። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ በሲሊፐር የሮጠች ልጅ እያለከለከች ገባች።

"የጋሽ ወርቁ ልጅ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ። ምነው?"

"ሰፈራችሁ ካለው ፋርማሲ ነኝ። ትናንት መድኃኒታቸውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።" ጠረጴዛዬን ያዘች። "አንዲት ሴትዮ አብረዋቸው ቆመው ነበር። ፖስታዎቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። ሴትዮዋ አሁን መልሰው ሲያመጡልኝ ነው ያወቅኩት። አባትሽ የያዙት የስኳር መድኃኒት ነው።"

"አባባ ስኳር የለባቸውም።"

"እሱ ነው እኮ! ስኳር የሌለበት ሰው፣ ያውም ፆሞ በባዶ ሆድ ከዋጠው ስኳሩ ይወርዳል፤ ራሱን ይስታል። አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። "ጠዋት ውጠዋል?"

አልዋጡም። በሁዳዴ የሚውጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ልክ እህል ከመቅመሳቸው በፊት። የድሮው ኪኒን ትናንት አልቋል፤ የዛሬው ከአዲሱ ፖስታ የመጀመሪያው ነው። ሰዓቴን አየሁ፦ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

ደወልኩ። ያቺ የተቀዳች ድምፅ፣ የደወልኩላቸውን ደንበኛ ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ልጅቷም በራሷ ስልክ ትሞክራለች። አክስቴ ቤት ሌላ ስልክ የለም፤ በመንደሩ የማውቀው አንድም ቁጥር የለኝም።

"አጥፍተውታል!" ብዬ ጮኽኩ። "ባትሪ ልቆጥብ ብለው አጥፍተውታል! ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!" እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የተናደድኩት በአባባ ነበር።

በዚህ መሃል ሙሌ ቀፎውን እያወዛወዘ ገባ። "ትዕግስት፣ ዛሬስ አልሰማሽም! ትናንት የሥራ ቀን ነው፤ ሰንበት የለም። ኮንትራት ይዤ ለገጣፎ ስሄድ ኮተቤን እንዳለፍኩ ሞተ። ስመለስ መገናኛ ላይ ነቃ። ባትሪው ሙሉ ነበር!"

አፌ ላይ ስድብ መጥቶ ነበር። ግን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ኮተቤን ሲያልፍ ይሞታል፤ ሲመለስ ይነቃል። አባባ ደግሞ በጠዋት ኮተቤን አልፈዋል።

ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረድኩት። "ትሪ ባንድ" ከሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ሺህ ስምንት መቶ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ። መሳቢያውን ከፈትኩና የአባባን አሮጌ ቀፎ አውጥቼ ባትሪውን ነቀልኩ። እዚያ ያሉት ሁለት ናቸው፦ ዘጠኝ መቶና ሺህ ስምንት መቶ።

ሥልጠና የወሰድኩ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ድንገት ፊቴ ድቅን አለ። "የኛ አገር ኔትወርክ መሠረቱ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል። መሃል ከተማ ሰው ስለሚበዛ ሺህ ስምንት መቶ ተጨምሮለታል" ሲል እኔ ከጓደኛዬ ጋር ስንሾካሾክ ነበር። እናንተ እንዳትቸገሩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስልክና የኔትወርክ ማማ የሚነጋገሩት በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ባንድ ማለት ጣቢያው ነው። ቀፎው ያንን ጣቢያ እንዲይዝ ካልተሠራ፣ ማማው ሥር ብታቆሙትም ደንቆሮ ነው። የአሜሪካው ቀፎ ሦስት ጣቢያ ይይዛል፤ ሁለቱ እኛ ዘንድ የሉም። የሚያገናኘን አንዱ፣ ሺህ ስምንት መቶው፣ ያኔ መሃል ከተማ ብቻ ነው ያለው። ካዛንቺስ ሱቄ ውስጥ ሚስኮል ሳደርግለት የጮኸውም ለዚህ ነው።

አባባ አላጠፉትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁባቸው።

"ሙሌ" አልኩት። "አባባ ያንተን ዓይነት ስልክ ይዘው ገጠር ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሳሳተ መድኃኒት ሊውጡ ነው።"

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና "ውጪ!" አለኝ።

የፋርማሲዋ ልጅ ከጎረቤት ሱቅ ስኳር በላስቲክ አምጥታ እጄ ላይ ጣለችው። "ደርሰሽ ውጠው ካገኘሻቸው በውሃ በጥብጠሽ ቶሎ አጠጫቸው፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። እኔ እዚህ ሆኜ መደወሌን አላቆምም።" የአባባን አሮጌ ቀፎም ይዤ ወጣሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

መገናኛ ድረስ መኪና በመኪና ላይ ነው። የኮተቤ መንገድ ደግሞ ተቆፍሮ፣ አቧራው ፊት ለፊት አያሳይም። ሙሌ ቀፎውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦታል፤ እኔ የራሴን ዱዋል ባንድ አጠገቡ ይዤ ሁለቱን አያለሁ። ካዛንቺስ ላይ የሁለቱም የኔትወርክ መስመሮች ሙሉ ነበሩ። መገናኛን ስናልፍ የሙሌ ወደ ሦስት ወረደ፤ ኮተቤ መሃል አንድ ቀረው። ከዚያ ያቺም ጠፋች። የኔው ግን እንደሞላ ነው።

"እኔ እኮ ነግሬሽ ነበር" አለ ሙሌ ቀስ ብሎ።

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

ለገጣፎን እንዳለፍን ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። የከተማ ታክሲ ያለ መውጫ ወረቀት ከዚያ አያልፍም።

"ሰው ልናድን ነው" አለ ሙሌ።

"እዚህ የሚያልፍ ሁሉ ሰው ሊያድን ነው" አለ ፖሊሱ፣ መንጃ ፈቃዱን እየተቀበለ።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩና ጮኽኩበት። ምን ምን እንዳልኩት ዛሬ ብነግራችሁ አፍራለሁ። ሰውየው መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከቶ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሰባት ከሃምሳ ሆነ። እንባዬ መጣ።

ሙሌ ትከሻዬን ያዘኝ። "ስሚኝ። በናትሽ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ስምሽን ሁኚ።"

ሄድኩ። የሙሌንና የራሴን ቀፎ በሁለት እጄ ይዤ ፖሊሱ ፊት ቆምኩ። "ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "ይኼኛው ኔትወርክ አለው፤ ይኼኛው የለውም፤ ታያለህ? አባቴ የሌለውን ይዘው ነው የሄዱት። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚውጡት መድኃኒት ይገድላቸዋል፤ እንዳይውጡ መንገር አልቻልኩም።"

ሁለቱን ስልኮች አየ። እኔን አየኝ። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለሙሌ ሰጠው። "ሂዱ። በቀስታ ንዳ" አለ፤ ሙሌ ግን በቀስታ አልነዳም።

የአክስቴ መንደር ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ነው፤ መኪና አይገባም። ከመኪናው ስወርድ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር። ሮጥኩ። በዚያ ድንጋይ ላይ ጫማዬ ተበጠሰ፤ ወርውሬው ሮጥኩ። ሙሌ ከኋላዬ አለ። ስሮጥ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ደውለው "ልዋጥ?" ሊሉኝ ይሞክራሉ። ካላገኙኝ ምን ያደርጋሉ? እኔን ይጠብቃሉ ወይስ ሰዓቱን ያከብራሉ? አባቴን አውቃቸዋለሁ። በሕይወታቸው አንድም ባቡር አዘግይተው አያውቁም።

አክስቴ ቤት ስገባ ዘጠኝ ከሩብ አልፏል። አልጋዋ ላይ ቀና አለች። "ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

"አባባ የት አሉ?"

"ኔትወርክ የሚሉትን ሊፈልግ ወጣ። ደወለ፣ ደወለ፣ እምቢ አለው። ሰዓቱ ሳይደርስብኝ ብሎ መድኃኒቱንና ውሃውን ይዞ ወደዚያ ኮረብታ ወጣ። ቢሉት ቢሠሩት አልሰማም።"

ፆም ላይ ያሉ፣ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ በዚያ ፀሐይ።

ወጣሁት። እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጫፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቆመው አየኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል። ቀኝ እጃቸው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ ግራ እጃቸው ተጨብጧል። "አባባ!" ብዬ ጮኽኩ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ስልኩን አወረዱ፤ አዩት፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግራ እጃቸው ወደ አፋቸው ተነሳ።

ዘልዬ ደረስኩና እጃቸውን መታሁት። የአባቴን እጅ መታሁት! ኪኒኗ ሣሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

"ትዕግስት?" አሉ፣ ዓይናቸው ፈጦ። "መታሽኝ?"

"ውጠዋል? አባባ፣ ይንገሩኝ፣ አንድም አልዋጡም?"

"እንዴት አድርጌ? 'ይዋጡ' አላልሽኝማ።" ሰዓታቸውን ደግመው አዩ። "ሃያ ሰባት ደቂቃ አሳለፍኩ። ብትቆጪም ልዋጠው ብዬ አሁን ገና ነው ያነሳሁት።" ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። "ይቅርታ ልጄ፤ ያለ ዕውቀቴ ነካክቼ አበላሸሁብሽ መሰለኝ። ያንቺ ስልክማ አይበላሽም።"

እግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለ መድኃኒቱ ነገርኳቸው። ስለ ስልኩ ግን አልነገርኳቸውም። "ኔትወርክ ነው አባባ" አልኳቸው። ሙሌ ሰምቷል።

ስንመለስ እኔና አባባ ከኋላ ተቀምጠናል። አሁንም ስልኩን እያገላበጡ "የቱን ነካሁ ይሆን?" ይላሉ። ሙሌ በመስታወት ያየኛል፤ ዓይኔን አሸሻለሁ። ጥጋብ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ኮተቤ ስንደርስ ስልኩ ጢው አለ። ደግሞ ጢው፣ ጢው። ጠፍቶ የዋለው መልእክት ሁሉ ገባ።

"ዳነ!" አሉ አባባ። እንደ ልጅ ፈነደቁ። "አየሽ? ዳነልሽ! እኔ ደግሞ ገደልኩት ብዬ!"

ይኼን ደስታቸውን አልቻልኩትም። "አባባ፣ እርስዎ አላበላሹትም" አልኩ። "ይኼ ስልክ ከከተማ ሲወጣ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ሳላነብ፣ ሳላውቅ፣ 'ይሠራል' ያልኩዎት እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስት ከሁለት ይበልጣል የምለውን ሳይቀር።

ስልኩን በመሃረባቸው ጠቀለሉት። ከዚያ "የኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው" አሉኝ። "ሰፊ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የሌላ አገር ባቡር ብታመጪ፣ የፈለገ ጉልበት ቢኖረው እኛ ላይ አይቆምም። ጉልበት ሳይሆን ልክ ነው ዋናው። እኔን ብትጠይቂኝ ይኼን እነግርሽ ነበር።"

"ጥፋቴ ነው።"

"እንደዚህ ያለው ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

"እኔና ሹፌሩ ሁለት ነን። ሁለታችን ተገኘን።" ወደ እኔ ዞሩ። "አሥሩስ ልጄ?"

ካዛንቺስ እስክንደርስ አሥሩን ገዢዎች በጣቴ እየቆጠርኩ ፊታቸውን ለማስታወስ ሞከርኩ።

ያ ጥያቄ ነው የለወጠኝ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ሰዎቹን መፈለግ ጀመርኩ። ስታዲየም አካባቢ፣ ለገሃር፣ ቡልጋሪያ፣ ሰው በሰው እየጠየቅኩ ዘጠኙን አገኘኋቸው። ቀፎውን በሌላ ለወጥኩላቸው፤ የሰደበኝም የመረቀኝም አለ። ሥራዬም ተለወጠ። ከውጭ የመጣ ቀፎ ሲገባ ሙሌ ይዞት ከከተማ ይወጣል፤ ደውሎም "ለገጣፎ ነኝ፤ ይሰማል?" ይለኛል። ያንን ሳልሰማ አልሸጥም። ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ስልክ የተሞከረው ለሱቁ ነው። እናንተም ዘመድ ከውጭ ስልክ ሲልክላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ይዛችሁ ስትወጡ፣ ምን ያህል ባንድ እንዳለው ሳይሆን የምትሄዱበት አገር ባንድ እንዳለው ጠይቁ። "ይሠራል" የሚላችሁንም "የት?" በሉት።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ያቺን ጡብ ይዘው። እስከ መጨረሻው "ልዋጥ?" እያሉ ደውለውልኛል።

አሥረኛዋን ግን አላገኘኋትም። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። "እናቴ ገጠር ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ነው። ድምፄን እንኳ ትስማበት" አለችኝ። ከዚያም "እዚያ ይሠራል አይደል?" ስትለኝ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት "ሦስት ከሁለት ይበልጣል" አልኳት። መርቃኝ ሄደች።

እህቴ፣ ይኼን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ስሚኝ። እናትሽ ስልኩን አላበላሹትም። ስትደውዪ ያላነሱልሽም ረስተውሽ ወይም ተቀይመውሽ አይደለም። ምናልባት እሳቸውም አንድ ኮረብታ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ድምፅሽን ጠብቀው ይሆናል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ያንቺም አይደለም። የኔ ነው።